የአሜሪካን የቅርብ ዘመን ታሪክ ከሩቅ ሆኖ ስለ ማስተማር

ታሪክን የሚያስተምር ሰው ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው ያለፈውን ነገር መንገር ነው፤ ሁለተኛውና የሚከብደው ግን የተነገረው ነገር እውነት መሆኑ በምን እንደሚታወቅ ለተማሪው ማሳየት ነው። የመጀመሪያውን ሥራ መጽሐፍም ሆነ ቴሌቪዥን፣ ዛሬም ኮምፒዩተር ሊፈጽመው ይችላል። ሁለተኛው ግን ያለ መምህር በቀላሉ አይሆንም፤ ምስክር ሲመረመር ያላየ ልጅ ምስክርን መመርመር አያውቅምና። እነሆ አሁን መምህሩ በአንድ ከተማ፣ ተማሪውም በሌላ ከተማ፣ አንዳንድ ጊዜም ገና ከአልጋው ሳይርቅ፣ በኢንተርኔት የሚገናኙበት ዘመን ደርሷል። ስለዚህ ይህ ሁለተኛው ሥራ እንዴት እንደሚፈጸም ማሰብ የመምህራን ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብም ጉዳይ ሆኗል።

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የአገሪቱ ታሪክ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ በብዙ ቦታም በ11ኛ ክፍል ይሰጣል። በኢንተርኔት ማስተማር ለአሜሪካኖች ፈጽሞ አዲስ ነገር አልነበረም፤ የፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት በ1997 በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ የኢንተርኔት ትምህርት ቤት አቋቁማ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታትና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ነገር ግን በማርች ወር 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የትምህርት ቤቶች በር በተዘጋ ጊዜ፣ የጥቂቶች የነበረው አሠራር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የብዙዎች ሆነ። በሮቹ ከተከፈቱም በኋላ በዚሁ መንገድ መማርን የቀጠሉ አሉ። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሎስ አንጀለስ፣ በዳላስና በሲያትል የሚኖሩ የአገራችን ሰዎች ልጆችም ይህን ታሪክ ይማራሉ፤ ወላጆቻቸው በልጅነታቸው ያልተማሩት ታሪክ በመሆኑ ግን ልጁ ሲጠይቃቸው ምን ብለው እንደሚመልሱለት ይቸገራሉ።

ተማሪዎቹ የአገራቸውን ታሪክ ምን ያህል እንደሚያውቁ የሚመዝን አገር አቀፍ ፈተና በየጥቂት ዓመቱ ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ይሰጣል። አማካዩ ውጤት በ2014 ዓመት 267፣ በ2018 ዓመት 263፣ በ2022 ደግሞ 258 ሆኖ ተመዘገበ፤ በዚሁ በ2022 ፈተና ብቁ ከሚባለው ደረጃ የደረሱት ከመቶ 13 ብቻ ነበሩ። ልብ ማለት የሚገባው ግን ውጤቱ መውረድ የጀመረው ከወረርሽኙ በፊት መሆኑ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በኮምፒዩተሩ ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። የፕሬዚዳንቶች ስምና የጦርነት ቀን እየተቆጠረ የሚሸመደድ ትምህርት በግድግዳ መካከልም ቢሰጥ በስክሪን ላይ ቢሰጥ ዕድሜው አጭር ነው፤ ፈተናው ሲያልፍ አብሮ ያልፋል።

የተገኘው ጥቅም

ከሩቅ ሆኖ ማስተማር ካመጣቸው ነገሮች እጅግ የሚበልጠው የመዛግብቱ በር መከፈቱ ነው። ቀድሞ አንድ ሰው የመሪዎችን ደብዳቤ ወይም የጦር መሥሪያ ቤትን ሰነድ ለማየት ቢፈልግ ወደ ዋሽንግተን ተጉዞ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ ተራ ጠብቆ ነበር። ዛሬ ግን የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍትና የብሔራዊ ቤተ መዛግብት አያሌ ሰነዶቻቸውን በኢንተርኔት አውጥተዋል። የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት በቦስተን፣ የጆንሰን በኦስቲን፣ የኒክሰንም በዮርባ ሊንዳ የሚገኙ ሲሆኑ፣ ፕሬዚዳንቶቹ በቢሮአቸው ያስቀዱትን ንግግር በካንሳስ የገጠር መንደር ያለ ልጅ በነጻ ሊሰማው ይችላል። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ኦገስት 9 ቀን 1974 ሥልጣናቸውን የለቀቁት የራሳቸው ድምፅ በተቀዳበት ክር የተነሣ መሆኑን መምህር ሲናገር መስማት አንድ ነገር ነው፤ ድምፁን ራሱን መስማት ግን ሌላ ነው።

ነገር ግን ሰነድ መገኘቱ ብቻ ዕውቀት አይሆንም። ለምሳሌ ያህል በዓለም ሁሉ የታወቀውን አንድ ፎቶግራፍ እንመልከት። በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ውድቀት ብዙ ገበሬዎችን ከመሬታቸው ባፈናቀለ ጊዜ፣ በመንግሥት ተቀጥረው የሚሠሩት ፎቶግራፍ አንሺ ዶሮቴያ ላንጅ በ1936 በካሊፎርኒያ ኒፖሞ በተባለ ስፍራ፣ ልጆችዋን አቅፋ በድንኳን ሥር የተቀመጠች አንዲት የ32 ዓመት እናት አነሡ። ሥዕሉ የዚያ ዘመን ችግር መለያ ሆኖ ቀረ። የእናቲቱ ስም ግን አልተጻፈም ነበር፤ ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን መሆኗ የታወቀው በ1978 ነው። ላንጅ ቤተ ሰቡ ምግብ ለመግዛት የመኪናውን ጎማ ሸጦ እንደ ነበር ጽፈዋል፤ የእናቲቱ ልጅ ደግሞ ያን ጊዜ የሚሸጥ ጎማ አልነበረንም ብሎ ተናገረ።

እንግዲህ ሥዕሉ አንድ ነው፤ ምስክሮቹ ግን ሁለት ናቸው። ጥሩ መምህር እዚህ ላይ ቆሞ ይጠይቃል። ሥዕሉን ያነሣው ማን ነው? ማን ከፈለው? ስለ ማን ተነሣ? የተነሣችው ሴት ራስዋ ምን አለች? ላንጅ በዚያ ቀን ያነሡአቸው ሌሎቹ ሥዕሎችም በኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ስለሚገኙ፣ ተማሪው ከታወቀው ሥዕል ጋራ አስተያይቶ የቱ ተመርጦ የቱ እንደ ቀረ በዓይኑ ያያል። በመማሪያ መጽሐፍ ገጽ ላይ አንዱ ብቻ ይታተም ነበር፤ በኢንተርኔት ግን ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

የአንድ ሰዓት ትምህርት

ይህ በሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል ለማስረዳት አንድ የትምህርት ሰዓት እንውሰድ። ጃፓን በ1941 ዲሴምበር 7 ቀን ፐርል ሐርበርን ከደበደበች በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942 ቁጥር 9066 የተባለውን ትእዛዝ ፈረሙ። በዚህም ትእዛዝ የተነሣ ወደ 120,000 የሚሆኑ የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች ከምዕራቡ ጠረፍ ተነሥተው በአሥር ሰፈሮች ታሰሩ። ከእነዚህም ከሦስት እጅ ሁለቱ እዚያው አሜሪካ ተወልደው ያደጉ ዜጎች ነበሩ። ይህን በሁለት ደቂቃ መናገር ይቻላል፤ ተማሪውም በማስታወሻው ጽፎ ሊረሳው ይችላል።

መምህሩ ግን ይህን ከመናገሩ በፊት የትእዛዙን ቃል በስክሪኑ ላይ አውጥቶ፣ «ይህ ትእዛዝ የሚመለከተው የትኛውን ሕዝብ ነው? ስሙን ፈልጋችሁ አስምሩበት» ይላቸዋል። ተማሪዎቹ ይፈልጋሉ፤ አያገኙም። የጃፓን ስም በትእዛዙ ውስጥ ፈጽሞ የለም፤ የሚናገረው ስለ ወታደራዊ ክልልና ከዚያ ሊወጡ ስለሚገባቸው ሰዎች በደፈናው ነው። ቀጥሎ ክፍሉን በአራት በአራት ተማሪዎች ከፋፍሎ፣ ለአንዱ ጭፍራ ጦሩ በየመንገዱ የለጠፈውን ማስታወቂያ ይሰጣል፤ እዚያ ላይ የጃፓን ዘር ያላቸው ሁሉ እንደሚነሡ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ለሁለተኛው ጭፍራ ያችው ዶሮቴያ ላንጅ በ1942 የታሳሪዎቹን መነሣትና የማንዛናርን ሰፈር ያነሡአቸውን ሥዕሎች ይሰጣል፤ ጦሩ እነዚህን ሥዕሎች ጦርነቱ እስኪያልቅ ይዞ አስቀምጦአቸው ነበር። ለሦስተኛው ጭፍራ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1944 በኮሬማትሱ ጉዳይ ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ የሰጠውን ፍርድና የተቃወሙትን ዳኞች ቃል አሳጥሮ ያቀርባል።

ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ ሁሉም ተመልሰው ያገኙትን ይናገራሉ። ያን ጊዜ ተማሪዎቹ ማንም ሳይነግራቸው የሚገነዘቡት ነገር አለ፤ ይኸውም የሕግ ቃል ለሁሉ እኩል መስሎ ተጽፎ ሳለ ሥራው ግን በአንድ ወገን ላይ ብቻ ሊወድቅ መቻሉ ነው። በመጨረሻም መምህሩ የታሪኩን ፍጻሜ ይጨምራል፤ ፕሬዚዳንት ሬጋን በ1988 የፈረሙት ሕግ በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ለነበሩት ታሳሪዎች ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር እንዲከፈል አዘዘ፤ በ2018ም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጆን ሮበርትስ የ1944ቱ ፍርድ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ስሕተት እንደ ነበር ጻፉ። አገር ሲሳሳትም ስሕተቱን ሲያርምም ተማሪው ሁለቱን አየ ማለት ነው።

ሁሉን ማመንና ሁሉን መካድ

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ አደጋ አለ። ሰነድን መመርመር የጀመረ ወጣት፣ መንግሥት አንድ ጊዜ እውነት አለመናገሩን ባየ ጊዜ፣ የሚነገረው ሁሉ ሐሰት ነው ወደ ማለት ሊሻገር ይችላል። ለዚህ መፍትሔው ሁለት ታሪኮችን አያይዞ ማስተማር ነው።

የመጀመሪያው የቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ነገር ነው። ኦገስት 2 ቀን 1964 የሰሜን ቬትናም ጀልባዎች ማዶክስ የተባለችውን የአሜሪካ የጦር መርከብ ወጉ። ኦገስት 4 ቀን ሁለተኛ ጥቃት ደረሰ ተብሎ ተነገረ፤ ኦገስት 7 ቀንም ኮንግሬስ ፕሬዚዳንት ጆንሰን በጦር ኃይል እንዲጠቀሙ ፈቀደላቸው። ድምፁም በተወካዮች ምክር ቤት 416 ለ0፣ በሴኔት 88 ለ2 ነበር። በ2005 ግን የአገሪቱ የጸጥታ መሥሪያ ቤት ይፋ ያወጣው ጥናት ሁለተኛው ጥቃት እንዳልነበረ ገለጠ። በጦርነቱ ከ58,000 በላይ አሜሪካኖች፣ ከዚያም እጅግ የሚበዙ ቬትናሞች ሞተዋል።

ሁለተኛው ጁላይ 20 ቀን 1969 ሰው በጨረቃ ላይ መውረዱ ነው። ይህን የሚክዱ ቪዲዮዎች በኢንተርኔት ሞልተዋል፤ የቶንኪንን ታሪክ የሰማ ተማሪም «ያኔ ከዋሹ አሁንስ ለምን አይዋሹም?» ሊል ይችላል። መምህሩ አይቈጣውም፤ ማስረጃውን እንደ ቀደመው እንዲመዝን ይጠይቀዋል። የቶንኪኑ ሁለተኛ ጥቃት የተመሠረተው በጨለማ በተገኘ ምልክትና በተሳሳተ የሬዲዮ ጠለፋ ትርጉም ላይ ነበር። ከጨረቃ ግን ከ1969 እስከ 1972 በስድስት ጉዞ 382 ኪሎ ግራም ድንጋይና አፈር መጥቶ በብዙ አገር ሊቃውንት ተመርምሯል፤ እዚያ የተተከሉት መስታወቶችም ከምድር የሚላክላቸውን ብርሃን እየመለሱ ርቀትን ለመለካት አገልግለዋል። አንዱን የጣለው ሚዛን ሌላውን አጸናው። ሁሉን የሚያምንና ሁሉን የሚክድ ሁለቱም ሳይመረምሩ የፈረዱ ናቸው፤ የታሪክ ትምህርት ልጁን ከሁለቱም ሊያድነው ይገባል።

ስለ ምርመራ መንገድም በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳም ዋይንበርግና ሣራ ማግሩ በ2017 ያቀረቡት ጥናት ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። አሥር የታሪክ ሊቃውንት፣ ሃያ አምስት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችና አሥር የጋዜጣ ዜና መርማሪዎች በኢንተርኔት የሚገኝ ጽሑፍ እውነተኛነቱን እንዲመዝኑ ተደረገ። ሊቃውንቱና ተማሪዎቹ ብዙውን ጊዜ የቀረበላቸውን ገጽ ከላይ እስከ ታች ሲያነቡ፣ የገጹ ማማር አሳታቸው። ዜና መርማሪዎቹ ግን ገጹን ወዲያው ትተው ስለ ጽሑፉ ባለቤት ሌሎች ምን እንደሚሉ ፈለጉ፤ በአጭር ጊዜም እውነቱ ላይ ደረሱ። ሰውን ስለ ራሱ ብቻ ከመጠየቅ ጎረቤቱን መጠየቅ ይሻላል እንደ ማለት ነው።

የጎደለው ነገር

ጥቅሙን እንደ ተናገርን ጉድለቱንም አንሸሽግም። በክፍል ውስጥ ያለ መምህር የተማሪውን ፊት አይቶ መግባቱንና አለመግባቱን ያውቃል። በኢንተርኔት ግን ብዙ ጊዜ የሚያየው ስም የተጻፈባቸው ጥቁር አራት ማዕዘኖችን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ልጁ ይስማ ወይም ይተኛ አይታወቅም። ሁሉንም ካሜራ አብሩ ብሎ ማስገደድም ርኅራኄ የጎደለው ነው፤ በአንድ ክፍል ከሦስት ታናናሾቹ ጋራ የሚኖር ልጅ የቤቱን ችግር ለጓደኞቹ ማሳየት አይወድምና። ስለዚህ ንግግሩን ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ደቂቃ አለማስረዘም፣ በመካከሉም ሁሉም አንዲት ዐረፍተ ነገር ጽፈው እንዲልኩ ማድረግ፣ በትንንሽ ጭፍራም አንዱን አንባቢ፣ አንዱን ጸሐፊ፣ አንዱን ተናጋሪ አድርጎ መሾም ይጠቅማል።

ሁለተኛው ጉድለት ልጁ ብቻውን መሆኑ ነው። የዚህ ዘመን ታሪክ አስጨናቂ ሥዕሎች አሉበት። በ1955 በሚሲሲፒ የተገደለው የ14 ዓመቱ የኤሜት ቲል ፊት፣ በ1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ መገደል፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በኒው ዮርክ የሆነው ሁሉ በፊልምና በፎቶግራፍ ይገኛል። የኤሜት እናት ሕዝቡ የተደረገውን ያይ ዘንድ የልጃቸው ሬሳ ሣጥን ክፍት እንዲሆን ወስነው ነበር፤ ስለዚህ ሥዕሉ ከታሪኩ አይለይም። ነገር ግን በክፍል ውስጥ የጎረቤቱን ትከሻ የሚያገኝ ልጅ፣ በመኝታ ክፍሉ የሚያገኘው ማንንም አይደለም። መምህሩ አስቀድሞ ምን እንደሚታይ ይንገር፤ ማየት ለማይችል ጽሑፍ ይስጥ፤ ከዚያም ክፍሉን ሳያነጋግር አያሰናብት።

ሦስተኛው ከኖቬምበር ወር 2022 ወዲህ የመጣው ነው፤ ቻትጂፒቲና የመሳሰሉት መሣሪያዎች ስለ ማናቸውም የታሪክ ጥያቄ በሴኮንድ ውስጥ ያማረ ጽሑፍ ይሰጣሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ያልነበረ መጽሐፍና ያልተነገረ ቃል እንደ እውነት ይጠቅሳሉ። ለዚህ የሚበጀው መድኃኒት አዲስ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ የተማረውን በመምህሩ ፊት ተቀምጦ በአፉ ያስኬድ ነበር፤ የሌላ ሰው ዕውቀት ተውሶ መቅረብ አይቻለውም። እንዲሁም የታሪክ መምህር እያንዳንዱን ተማሪ ለአምስት ደቂቃ ብቻውን ጠርቶ፣ «ይህን ሰነድ ለምን መረጥህ? የሚቃወመው ሰነድ የቱ ነው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ የራሱን ሥራ የሠራውና ያልሠራው ወዲያው ይለያል። ከሩቅ ለሚያስተምር መምህር ይህ ጥቂት ደቂቃ የጠፋውን ፊት ደግሞ መልሶ ይሰጠዋል።

የቤተ ሰብ ድርሻ

ትምህርቱ ወደ ቤት በመግባቱ ወላጅ የመምህሩን ቃል ይሰማል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስለ ዘርና ስለ ጦርነት የሚነገረው አንዱን ወላጅ ሲያስደስት ሌላውን ያስቈጣል። ከ2021 ጀምሮ በአያሌ ክፍለ ግዛቶች እነዚህ ነገሮች በትምህርት ቤት እንዴት እንደሚነገሩ የሚወስኑ ሕጎች ወጥተዋል። ወላጅ ያልወደደውን ነገር ሲሰማ በችኮላ ከመፍረድ አስቀድሞ ከልጁ ጋራ ሰነዱን ራሱን ቢያነብ ለሁለቱም ይሻላል።

የአሜሪካን ታሪክ ያልተማረ ወላጅም በዚህ ትምህርት ባዶ እጁን አይደለም። ልጁን በእራት ጊዜ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ይበቃዋል፤ «ይህ እንዴት ታወቀ? ሌላውስ ምስክር ምን አለ?» እነዚህን ለመጠየቅ እንግሊዝኛ ማወቅ እንኳ አያስፈልግም። ከዚህም በላይ ብዙ ወላጆች ራሳቸው የዚህ ታሪክ ምስክሮች ናቸው። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ኦክቶበር 3 ቀን 1965 የፈረሙት ሕግ ስደተኛን በትውልድ አገሩ ኮታ የሚመዝነውን የ1924 ሥርዓት አስቀረ፤ በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግም በሱዳን ሰፈሮች ለነበሩ ለብዙ ኢትዮጵያውያን በር ከፈተ። ከ1951 ጀምሮ በኮርያ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጎን የተዋጋው የቃኘው ሻለቃ ታሪክም በአንዳንድ ቤት ገና በፎቶግራፍ ተሰቅሎ ይገኛል። ልጁ የአባቱን ወይም የአያቱን ቃል በስልኩ ቀድቶ፣ ቀኑን ጽፎ፣ ከሕጉ ቃል ጋራ አስተያይቶ ቢያቀርብ፣ መምህሩ ከዚህ የተሻለ የቤት ሥራ አያገኝም።

ያን ጊዜ ልጁ የአባቱንም ቃል በፍቅርና በአክብሮት፣ ነገር ግን እንደ ምስክር ቃል ይመረምራል፤ አባቴ ይህን በዓይኑ አየ፣ ይህን ደግሞ ሰማ ብሎ ይለያል። አባትም ያላየውን አላየሁም ለማለት አይፈር። ልጁ የታሪክን ሥራ በእውነት የተማረው በዚህ ነውና፤ ይህን የለየ ልጅ በስክሪኑ ላይ ነገ የሚመጣለትን ወሬም እንዲሁ ይለያል።